«ሶሻል» የሚገባው ማን ነው? ስለ ኤስ.ኤስ.አይ. ክፍያ ለተጠየቁ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከአሜሪካ የሚጽፉልን አንባቢዎቻችን በብዛት የሚጠይቁት ስለ አረጋውያን ወላጆቻቸው ነው። ደብዳቤዎቹን ስናነብ ግራ መጋባቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል እንደሚጀምር አስተውለናል። እኛ በተለምዶ «ሶሻል» የምንለው ሁለት የተለያዩ ክፍያዎችን ነው። አንደኛው ሰው በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ እየተቆረጠ የከፈለበት ጡረታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው፣ ገቢያቸውና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ከ1974 ጀምሮ የሚከፈል ድጎማ ነው። ሁለቱንም የሚያስተናግደው አንድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ አንድ ይመስላሉ፤ ደንባቸው ግን ለየቅል ነው። በዚህ እትም የምንመልሰው ስለ ሁለተኛው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት ከደሴ አምጥቻታለሁ። ዕድሜዋ 67 ነው፤ ግሪን ካርድ አላት። እኔ እዚህ አገር 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድም ዓመት ግብር ሳልከፍል ቀርቼ አላውቅም። «65 ከሞላት ይገባታል» ተብለን ብናመለክት ተከለከልን። ደመወዜ በዝቶ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህታችን፣ የተከለከላችሁት በመጀመሪያ ደረጃ በእርስዎ ደመወዝ ምክንያት አይደለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ብዙ ልጆች «ትንሽ ባነሰ ደመወዝ ብሠራ ኖሮ እናቴ ታገኝ ነበር» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለምናይ ነው።

ኤስ.ኤስ.አይ. ለማግኘት ሰው በሁለት መለኪያ ይመዘናል። አንዱ ችግረኛነቱ ነው፤ ይኸውም ዕድሜው ወይም የአካል ጉዳቱ፣ ገቢውና ሀብቱ ይታያል። ሌላው የኢሚግሬሽን ሁኔታው ነው። ከነሐሴ 22 ቀን 1996 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በግሪን ካርድ የገባ ሰው ድጎማውን ለማግኘት ቢያንስ አምስት ዓመት መቆየት ብቻ ሳይሆን 40 የሥራ ነጥብ ማሟላትም እንዳለበት ይደነግጋል። በአንድ ዓመት ከአራት ነጥብ በላይ ስለማይገኝ 40 ነጥብ ማለት በትንሹ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። በ2026 አንድ ነጥብ የሚገኘው 1,890 ዶላር ተሠርቶ ግብር ሲከፈልበት ነው።

እዚህ ላይ «የእኔ 16 ዓመትስ?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ሕጉ የባል ነጥብ ለሚስት፣ የሚስትም ለባል በጋብቻቸው ዘመን የተሠራው እንዲቆጠር ይፈቅዳል። ወላጅ የሠራውም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለው ለልጁ ይቆጠራል። ልጅ የሠራው ግን ለወላጅ አይቆጠርም። ለአቅመ ደካማ ወላጁ መጦሪያ ይሆናል ተብሎ የሚወለድ ልጅ ባለበት ባህል ውስጥ ላደግን ሰዎች ይህ ድንጋጌ የተገለበጠ ሆኖ ይታየናል፤ በእኛም እምነት ፍትሐዊ አይደለም። ይሁን እንጂ የተጻፈው ሕግ ይኸው ነው።

የእርስዎ ደመወዝ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናትዎን ሲያስመጡ አይ-864 የተባለውን የድጋፍ ቃል ኪዳን ፈርመዋል። በዚህ ቅጽ ላይ የፈረመ ሰው ገቢው፣ የተወሰነ ተቀናሽ ተደርጎለት፣ የወላጁ ገቢ እንደሆነ ተደርጎ ይቆጠራል። ገንዘቡን በእጅዎ ባይሰጧትም፣ አብራችሁ ባትኖሩም ይቆጠራል። ግዴታው የሚያበቃው እናትዎ ዜግነት ሲወስዱ፣ 40 ነጥብ ሲሞላላቸው፣ አገሪቱን ለቀው ጨርሰው ሲሄዱ ወይም ሞት ሲለይ ነው። በመሆኑም ሁለቱም መሰናክሎች የሚነሡት በአንድ ነገር፣ ማለትም በዜግነት ነው። እናትዎ ዜግነት ከወሰዱ በኋላ የሥራ ነጥብ አይጠየቁም፤ የእርስዎ ገቢም በእርሳቸው ላይ አይቆጠርም።

ስለዚህ ቀሪዎቹን ሁለት ዓመታት ለዝግጅት ይጠቀሙባቸው። የዜግነት ማመልከቻ አምስቱ ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። ስለ ቋንቋው ፈተና በየማኅበሩ የሚነገረው ግማሹ ስህተት ነው። በአማርኛ መፈተን የሚቻለው ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ ለኖረ ሰው ነው። 65 ዓመት የሞላውና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ አጠር ያለ የጥያቄ ዝርዝር ይሰጠዋል። እናትዎ ዕድሜያቸው ቢደርስም የቆይታ ጊዜያቸው ስለማይደርስ ከሦስቱም ውጭ ናቸው፤ እንግሊዝኛውን መፈተን ይኖርባቸዋል። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ወዲህ ላመለከተ ሰው የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹ ብዛት 128 ሆኗል፤ ከእነዚህ እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። ለእንግሊዝኛው ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ ይጠበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ቢያስጠኗቸው በሁለት ዓመት የማይደረስበት አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የኩሽናውን መስኮት ደፍ እንደ ጠረጴዛ ተጠቅመው፣ ሽሮው እስኪበስል አንድ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ እየገለበጡ ሲጽፉ አይተናል፤ አልፈዋልም።

እናትዎ ለመማር የሚያግዳቸው ሕመም ካለባቸው፣ ለምሳሌ የመርሳት በሽታ ወይም ስትሮክ ያስከተለው ጉዳት ከሆነ፣ ሐኪማቸው ኤን-648 የተባለውን ቅጽ ሊሞላላቸው ይችላል። ሐኪሙ መግለጽ ያለበት ሕመሙ ምን እንደሆነና ትምህርቱን እንዴት እንደሚከለክል ነው። «አርጅተዋል፤ ማንበብ አይችሉም» የሚል ብቻ ከሆነ ተቀባይነት የለውም። ቅጹ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ግንኙነት ሳይብራራ መቅረቱ ነው።

እስከዚያው ስለ ሕክምናቸው ከተጨነቁ፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ የግሪን ካርድ ባለቤቶች አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ፣ ሠርተው ባያውቁም፣ ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ መግዛት እንደሚችሉ ይወቁ።

ጥያቄ፦ በስደተኛነት ከካምፕ ስንመጣ አባቴ ወዲያውኑ ኤስ.ኤስ.አይ. አገኘ። አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። «በሰባት ዓመት ይቆረጣል» የሚባለው እውነት ነው? — ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ እውነት ነው። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ያለ ሥራ ነጥብ ድጎማውን የሚያገኘው ለሰባት ዓመት ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው ስደተኛ ከሆነ ከገባበት፣ ጥገኝነት ጠያቂ ከሆነ ከተፈቀደለት ቀን ነው። ግሪን ካርድ መውሰዱ ሰዓቱን አያቆመውም። በስደተኛነት የገባ ሰው የግሪን ካርዱ ቀን ወደ ገባበት ቀን ስለሚመለስለት፣ ከገባ በአምስት ዓመቱ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ስለዚህ አባትዎ በሕግ ማመልከት የሚችሉበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው፤ ቀሪው አንድ ዓመት ግን ለማመልከቻው፣ ለጣት አሻራውና ለቃለ መጠይቁ የሚበቃ እንዲሆን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ። በግሪን ካርድ ቢቆዩም ከሰባት ዓመቱ በኋላ ክፍያው ይቋረጣል፤ ዜግነት ሲወስዱ እንደገና ማመልከት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ በእኔ ቤት ታችኛው ክፍል ይኖራል። ዜግነት አለው። ለአሥር ዓመት ያህል በመኪና ማቆሚያ ሠርቶ በወር 520 ዶላር ጡረታ ይከፈለዋል። ጡረታ ያለው ሰው ኤስ.ኤስ.አይ. አያገኝም ይሉኛል። ደግሞም «ከልጅህ ጋር ከኖርክ ይቀነስብሃል» ተብሏል። — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጡረታ ያለው ሰው ኤስ.ኤስ.አይ. አያገኝም የሚለው ስህተት ነው፤ ይህ ስህተት ብዙ አባቶችን የሚገባቸውን ገንዘብ አሳጥቷል። የ2026 የፌዴራል ከፍተኛ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው። ከአባትዎ ጡረታ ላይ መጀመሪያ 20 ዶላር ሳይቆጠር ይታለፋል። ቀሪው 500 ዶላር ከ994 ሲቀነስ 494 ዶላር ይመጣል። ሌላ ገቢ ከሌላቸውና ሀብታቸው ከወሰኑ ካላለፈ፣ ከጡረታቸው በተጨማሪ 494 ዶላር ሊከፈላቸው ይገባል፤ በድምሩ 1,014 ዶላር ይሆናል ማለት ነው።

በአንጻሩ ጡረታ የሌለው፣ ነገር ግን ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ሰው ይበልጥ ይታገዛል። ከደመወዙ 20 እና 65 ዶላር ታልፎለት ከቀሪው ግማሹ ብቻ ይቆጠርበታል። በወር 600 ዶላር የሚያገኝ ሰው የሚቆጠርበት 257 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ 736 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈለዋል። መሥራት ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል ብለው የተቀመጡ ሰዎች ይህን ስሌት ቢያዩት መልካም ነው።

የመኖሪያው ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው በሌላ ሰው ቤት በነፃ ሲኖርና ምግቡንም ሁሉ የቤቱ ሰዎች ሲያቀርቡለት ክፍያው በአንድ ሦስተኛ ይቀነሳል፤ በ2026 ቅናሹ 331 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ምግብ እንደ ገቢ መቆጠሩ ቀርቷል። አባትዎ በእርስዎ ገበታ እንጀራ ስለበሉ ብቻ አንድም ዶላር አይቀነስባቸውም። የሚታየው መጠለያው ነው፤ አባትዎ የቤት ክፍያውን፣ የመብራቱን፣ የጋዙንና የውኃውን ድርሻቸውን ከከፈሉ ቅናሽ አይደረግባቸውም። ድርሻ ማለት ወጪው በቤቱ ውስጥ ለሚኖሩት ሰዎች ቁጥር ሲካፈል የሚደርሰው ነው። ብዙ አባቶች ለልጅ ኪራይ መክፈል ያሳፍራቸዋል፤ ልጅም ከአባቱ ኪራይ መቀበል ነውር ይመስለዋል። ክቡር ስሜት ነው፤ በቢሮው መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው «በነፃ ይኖራል» ተብሎ ነው። በጽሑፍ ስምምነት አድርጉ፤ በየወሩ በቼክ ይክፈሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ስለ ስጦታም አንድ ነገር እንጨምር። በእጃቸው የሚሰጧቸው ገንዘብ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። የስልካቸውን ሒሳብ በቀጥታ ለስልክ ኩባንያው ቢከፍሉላቸው ግን አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ጎንደር በስሟ የተመዘገበ ቤት አላት፤ ታናሽ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ይኖርበታል። እዚህ ደግሞ የሰፈር ዕቁብ ትጥላለች። ቅጽ የሞላልን ሰው «የአገር ቤቱን አትጥቀሱ፤ አያውቁም» አለን። ልክ ነው? — ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ምክሩም እናትዎን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ማመልከቻው የሚፈረመው በሐሰት መናገር እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው፤ በኋላ ሲደረስበት የተከፈለው ሁሉ ይመለስ ይባላል፤ ፈራሚዋም ቅጹን የሞላው ሰው ሳይሆን እናትዎ ናቸው።

ለኤስ.ኤስ.አይ. የተፈቀደው የሀብት ወሰን ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ይህ ወሰን ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የዋጋ ንረቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ እያንዳንዱ ገበያ ወጪ ያውቃል፤ ወሰኑ መሻሻል እንዳለበት እናምናለን። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ ለቀብር ተለይቶ የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላርም እንዲሁ። የማይኖሩበት ቤት ግን፣ ዴንቨርም ይሁን ጎንደር፣ ሊሸጥ የሚችል ከሆነ ይቆጠራል።

መፍትሔው የሚወሰነው ቤቱ በምን መልክ እንደተያዘ ነው። ቤቱ ከአያትዎ የወረደና ወንድምዎም የጋራ ባለቤት የሆነበት ከሆነ፣ ወንድምዎ ሌላ መኖሪያ ከሌለው፣ ሽያጩ እርሱን ሜዳ ላይ ስለሚጥለው የእናትዎ ድርሻ እንዳይቆጠር ደንቡ ይፈቅዳል። ቤቱ የእናትዎ ብቻ ከሆነ ይህ አይሠራም። ለመሸጥ በእውነት ሞክረው ገዢ ካላገኙ፣ ሙከራው እስከቀጠለ ድረስ ላይቆጠር ይችላል። ያለ ዋጋ ለወንድምዎ ቢያዛውሩት ግን፣ እንደ ቤቱ ግምት እስከ 36 ወር ድረስ ከክፍያው ሊታገዱ ይችላሉ፤ ከማመልከታቸው በፊት ባሉት 36 ወራት የተደረገ ዝውውርም ይታያል። ስለዚህ ውክልና ልከው ስም ከማዛወራቸው በፊት፣ አረጋውያንን በነፃ ከሚያማክሩ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች ከአንዱ ጋር ይነጋገሩ። የአማርኛ ሰነድ ስለሆነ አይቸገሩ፤ ካርታውንና የውርስ ማስረጃውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስተረጉማል።

ዕቁቡን በተመለከተ፣ የሀብት መጠን የሚታየው ወሩ በገባበት የመጀመሪያ ቅጽበት ነው። ዕቁቡ ወጥቶላቸው በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ወሩ ሲለወጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ ለዚያ ወር ክፍያ አይገባቸውም። ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደሚጥሉና መቼ እንደሚደርሳቸው አስቀድመው በጽሑፍ ያስረዱ። የዕቁቡ ጸሐፊ የያዘው ዝርዝር ቅጂም ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እዚህ የማገኘው ዳላስ ያለችው እኅቴ ከምታገኘው ይበልጣል። ስህተት ይሆን? — ከሎስ አንጀለስ

መልስ፦ ስህተት አይደለም። የፌዴራሉ ክፍያ በመላው አገር አንድ ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ግን ከራሳቸው ጭማሪ ያደርጋሉ። ካሊፎርኒያ ትጨምራለች፤ ቴክሳስ በገዛ ቤታቸው ለሚኖሩ አትጨምርም። ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፋ በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምክንያት ብቻ ኤስ.ኤስ.አይ. ለተከለከሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች «ካፒ» የተባለ የራሷ ክፍያ አላት፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በካውንቲው ቢሮ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ከገና በፊት ወደ አገር ቤት ሄዳ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ክፍያው እየገባ ነበር። አሁን «ያልተገባ ክፍያ ተቀብለሻል፤ መልሺ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ምን እናድርግ? — ከሲያትል

መልስ፦ ኤስ.ኤስ.አይ. ከአሜሪካ ውጭ አይከፈልም። አንድ ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ወር ውጭ ለቆየ ሰው ለዚያ ወር አይገባውም። 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ደግሞ፣ ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን እዚህ እስኪኖር ድረስ ክፍያው አይቀጥልለትም። መቋረጡ 12 ተከታታይ ወር ከሞላ እንደ አዲስ ማመልከት ያስፈልጋል። አያትዎን ጎረቤታቸው «እኔ ስሄድ አይቆረጥብኝም» ብለዋቸው ከሆነ፣ ጎረቤትየዋ ዜጋ ሆነው የሚቀበሉት የሠሩበትን ጡረታ ይሆናል፤ ለእርሱ ሌላ ደንብ ነው ያለው። መሄድ አልተከለከለም፤ የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ማንኛውም ለውጥ ከተከሰተበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ መነገር አለበት።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ከጥቂት ወራት በፊት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ፌስታል ይዘው ወደ እኔ መጡ። በውስጡ ከሐኪም ቀጠሮ ካርዶችና ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ ጋር አምስት ፖስታዎች ነበሩ፤ ሦስቱ አልተከፈቱም። «እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጄ ሲመጣ ብዬ ነው» አሉኝ። ልጃቸው በሁለት ሥራ ተወጥሮ አልመጣም ነበር። ከሦስቱ አንዱ ከ70 ቀን በፊት የተጻፈ ነበር፤ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ለፖስታ ተብሎ የሚጨመረው አምስት ቀንም አልፎ ነበር። የዘገዩበትን ምክንያት በጽሑፍ አስረድተን ይግባኙን አስገባን፤ ምክንያቱ በቂ ሆኖ ከተገኘ የዘገየ ይግባኝም ይታያልና። እርሳቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ የፈሩት በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሳይሆን ፖስታውን ራሱን ነበር።

አያትዎ ሁለት መንገድ አላቸው። የተጠቀሰው ወር ወይም የገንዘቡ መጠን ትክክል አይደለም ካሉ፣ ፓስፖርታቸው ላይ ያሉትን የመግቢያና የመውጫ ማህተሞችና የአውሮፕላን ትኬታቸውን አያይዘው ይግባኝ ይበሉ። ደብዳቤው በደረሳቸው በ10 ቀን ውስጥ ካመለከቱ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ወርኃዊው ክፍያ ሳይቀነስ ይቀጥላል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ጥፋቱ የእርሳቸው ካልሆነና ለመመለስም አቅም ከሌላቸው ደግሞ ዕዳው እንዲነሣላቸው ይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለቱም ካልተሳካ በየወሩ ጥቂት በጥቂቱ እንዲቆረጥ መስማማት ይቻላል።

ለማንኛውም ጉዳይ በ1-800-772-1213 ደውለው «አማርኛ» ቢሉ መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል። የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም። ሲደውሉ የአያትዎን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ደብዳቤውን አጠገብዎ ያድርጉ፤ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በፖስታው ጀርባ ላይ ይጻፉ።